ጥያቄና መልስ፦ «ሰውን አውሬ ያደረገው የኩፍኝ መርፌ ነው?»

ባለፈው እትማችን ዊል ስሚዝ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ስለሠራበት «አይ አም ሌጀንድ» ስለተባለው ፊልም አጭር ጽሑፍ ካወጣን ወዲህ በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ፊልሙን ላላዩ አንባቢያን ለማስታወስ ያህል፣ በፍራንሲስ ሎውረንስ አዘጋጅነት በ2007 ለእይታ የበቃው ይህ ሥራ፣ ካንሰርን እንዲያድን ተብሎ በቤተ ሙከራ የተለወጠ የኩፍኝ ቫይረስ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ዓለምን ካጠፋ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኒውዮርክ ከተማ ሳም ከተባለችው ውሻው ጋር ብቻውን የቀረውን የጦር ሠራዊት የቫይረስ ተመራማሪ የሮበርት ኔቪልን ታሪክ ይተርካል። ኔቪል ቀን ቀን በባዶው ከተማ ይዘዋወራል፤ ሲመሽ ደግሞ በሽታው ሳይገድላቸው የለወጣቸው፣ የፀሐይ ብርሃን የማይችሉ ሕሙማን ስለሚወጡ መስኮቱንና በሩን በብረት ዘግቶ ያድራል። ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን ከዚህ በታች አቅርበናል። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዘጠኝ ወር ሴት ልጅ አለችኝ፤ ጤና ጣቢያ ለኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ሰሞኑን በአማርኛ የተተረጎመውን ፊልም ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን ስናይ አማቴ «አያችሁ፣ ሰውን አውሬ ያደረገው የኩፍኝ መርፌ ነው» አሉ። ባለቤቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» ይለኛል። እኔም ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። በክትባቱና በፊልሙ ቫይረስ መካከል እውነት ዝምድና አለ?
አንዲት እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ቀጠሮዎ ሳያልፍ እንዲደርስዎ በማሰብ ደብዳቤዎን ከሁሉ አስቀድመነዋል። በፊልሙ ውስጥ ሰውን የለወጠው ክትባት አይደለም። ይህን ለማረጋገጥ የፊልሙን የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃዎች እንደገና ማየት ይበቃል። ታሪኩ የሚጀምረው በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ሲሆን፣ ኤማ ቶምፕሰን የምትጫወታት ዶክተር ክሪፒን ሥራዋን በምሳሌ ታስረዳለች፤ የሰው ገላ አውራ ጎዳና ነው እንበል፣ ቫይረሱ ደግሞ ክፉ ሰው የሚነዳው ፈጣን መኪና ነው እንበል፣ እኛ ያደረግነው ክፉውን ሹፌር አውርደን በምትኩ ፖሊስ ማስቀመጥ ነው ትላለች። መድኃኒቱ በ10,009 የካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ሁሉም እንደዳኑ ትናገራለች። ጠያቂዋ ታዲያ ካንሰርን አዳናችሁት ማለት ነው ብላ ስትጠይቃት ዶክተሯ ወዲያው አትመልስም፤ ታመነታለች፣ ፈገግታዋ መጣ ሄድ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አዎን የምትለው። ወዲያውኑ በመንገዱ ላይ ሣር የበቀለበት፣ መኪኖች በቆሙበት የቀሩበት ጭር ያለ ከተማ ይታያል። እንግዲህ የተሰጠው ለካንሰር ሕሙማን፣ የተሰጠውም ለሕክምና ነው፤ ሕፃናትን ከኩፍኝ ስለሚጠብቀው መርፌ በዚህ ትዕይንት የተነገረ ነገር የለም።

የአማትዎ ስጋት ግን የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ፊልም እንደ ማስረጃ እየጠቀሱ የኮሮና ክትባትን የሚፈሩ ሰዎች ተነሥተው፣ ከፊልሙ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው አኪቫ ጎልድስማን ታሪኩ ፊልም መሆኑንና እርሱ ራሱ የፈጠረው እንጂ እውነት አለመሆኑን በይፋ ተናግሯል። አንድ ደራሲ የገዛ ፈጠራውን ሐሰትነት ለመመስከር መገደዱ ምን ያህል ያሳዝናል!

ጸሐፊዎቹ ኩፍኝን የመረጡት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። በ1971 አንድ የሕክምና መጽሔት ባወጣው ዘገባ ላይ፣ በዩጋንዳ የሚኖር የ8 ዓመት ልጅ በዓይኑ አካባቢ የነበረው የካንሰር እብጠት ልጁ ኩፍኝ ሲይዘው እየሟሸሸ መሄዱን ሐኪሞች ጽፈው ነበር። ከዚያ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014 አሜሪካ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የደም ካንሰር ዓይነት ለያዛት አንዲት ሴት እጅግ የተዳከመውን የኩፍኝ ክትባት ቫይረስ በከፍተኛ መጠን ሰጧት፤ መጠኑ 10 ሚሊዮን ሰው ለመከተብ የሚበቃ ነበር። ሕመሟ ለዘጠኝ ወራት ያህል ጠፋላት። አብሯት ሕክምናውን የወሰደው ሌላ ሕመምተኛ ግን ያንን ያህል አልቀናውም፤ ስለዚህ ነገሩ ተስፋ እንጂ የተጠናቀቀ መድኃኒት ተብሎ አልተነገረም። ከዚያ ሁሉ ቫይረስ በኋላ ሴትዮዋ አውሬ አልሆነችም፣ ቤተሰቧም አልታመመም። ለልጅዎ የሚሰጠው መጠን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከባሕር ጠብታ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚሰጡት የኩፍኝ ክትባቶች በ1954 ቦስተን ውስጥ በኩፍኝ ከታመመ አንድ ተማሪ ከተወሰደ ቫይረስ የመጡ ናቸው። ያ ቫይረስ በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ በተደጋጋሚ እየተራባ በሽታ የማምጣት ኃይሉ እንዲደክም ከተደረገ በኋላ ከ1963 ጀምሮ በክትባትነት ተሰጥቷል። በእነዚህ ከስድሳ በላይ ዓመታት የክትባቱ ቫይረስ ከተከተበ ሰው ወደ ሌላ ሰው ተላልፎ ኩፍኝ ማምጣቱ ተመዝግቦ አያውቅም። የፊልሙ መቅሠፍት የተነሣው ደግሞ መድኃኒቱ በአየር የሚተላለፍ በመሆኑ ነው፤ ያ ካልሆነ ታሪኩ ራሱ አይኖርም ነበር።

ሊፈራ የሚገባው እውነተኛው ኩፍኝ ነው። በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት በአየር ላይ ይቆያል፤ ካልተከተቡና ቀድሞ ካልያዛቸው ሰዎች መካከል ወደ በሽተኛው ከሚቀርቡት አሥር ሰዎች ዘጠኙ ይታመማሉ። ሳንባን ይመታል፣ ያስቀምጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ አንዳንዴም አንጎልን ይጎዳል። ከዳነም በኋላ ሰውነት ቀደም ሲል ለሌሎች በሽታዎች ያበጀውን መከላከያ ስለሚያስረሳው ልጁ ለሌላ በሽታ ተጋልጦ ይቆያል። ክትባቱ ሳይስፋፋ በፊት በየዓመቱ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰው ይገድል እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል። በአገራችን የመጀመሪያው መርፌ በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ከተከተበች በኋላ ትንሽ ብታተኩስ ወይም ሰውነቷ ላይ ቀላል ሽፍታ ቢታይ አይደንግጡ፤ ነገር ግን ከባድ ሕመም ካለባት ወይም ሰውነቷ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ መሆኑን የሚያውቁ ከሆነ አስቀድመው ለጤና ባለሙያዋ ይንገሩ።

አማትዎን በተመለከተ አንድ ምክር አለን። እርሳቸው የፈሩት የልጅ ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ስለዚህ አይከራከሯቸው፤ በቀጠሮው ቀን አብረው ይዘዋቸው ይሂዱና ልጅቷን ራሳቸው እንዲያቅፏት አድርገው ባለሙያዋን የፈለጉትን እንዲጠይቋት ይፍቀዱላቸው። በእርሳቸው ዕድሜ ያሉ ብዙ እናቶች ኩፍኝ ሲገባ ቤት እንዴት እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል፤ ይህን ቢያስታውሷቸው ከእኛ መልስ ይልቅ ልባቸውን ያሳምነው ይሆናል።

ጥያቄ፦ በፊልሙ ላይ ከመቶ ዘጠናው ሕዝብ እንዳለቀ ይነገራል። አንድ በሽታ በእውነት ይህን ያህል ሊገድል ይችላል ወይስ ለማስፈራራት የተጋነነ ነው?
መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ኔቪል በሕይወት ለተረፈችው ለአና ሒሳቡን እየተቆጣ ይዘረዝርላታል፤ ከ6 ቢሊዮን ሰው 5.4 ቢሊዮኑ ሞተ፣ 588 ሚሊዮኑ በጨለማ ወደሚያድኑት ፍጡራን ተለወጠ፣ 12 ሚሊዮን ብቻ ጤነኛ ቀረ። በሰው ላይ በዓለም ደረጃ ይህን ያህል የገደለ ወረርሽኝ አልታየም። ኩፍኝ ራሱ ቀድሞ ባልደረሰበት አገር ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ከፊጂ ደሴቶች ታሪክ እናውቃለን፤ በ1875 በመርከብ ገብቶ 150,000 ገደማ ከነበረው ሕዝብ ወደ 40,000 የሚጠጋውን በጥቂት ወራት ጨርሷል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የራሳችን ነው። የኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ የከብት ደስታ የተባለው በሽታ ቫይረስ ነው፤ ተመራማሪዎች ኩፍኝ ድሮ ከከብት ወደ ሰው ከተሻገረ የዚሁ ወገን ቫይረስ የመጣ መሆኑን ያምናሉ። ይህ የከብት ደስታ ለኢጣሊያ ጦር ከህንድ በመጡ ከብቶች አማካይነት በምጽዋ በኩል እንደገባ የሚታመን ሲሆን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በክፉ ቀን ዘመን ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል። በሆሊውድ ለሰው የተፈጠረው ቁጥር በእኛ በሬዎች ላይ በእውን ደርሷል ማለት ነው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም እህል ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨምሮበት ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ እንዳለቀ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ዐፄ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ በታሪክ ተወስቷል።

ፊልሙ የጎደለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ኔቪል አይራብም። ጄኔሬተሩ ይሠራል፣ ቁም ሣጥኑ በታሸገ ምግብ የተሞላ ነው፣ በአትክልት ስፍራው በቆሎ ይሸመጥጣል፣ በታይምስ አደባባይ አጋዘን ያድናል። በእውነተኛው መቅሠፍት ግን ከበሽታው የተረፈውን ሰው የሚያገኘው ረኃብ ነው፤ ክፉ ቀንን ያሳለፉ አያቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። የከብት ደስታ መጨረሻ ግን መልካም ሆኗል። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በተባለ ቦታ ከባልደረቦቹ ጋር ባዘጋጀው ክትባት መነሻነት፣ በኋላም በአፋርና በሌሎች አርብቶ አደር አካባቢዎች ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ከታቢዎች በረሃ ለበረሃ እየዞሩ ባደረጉት ጥረት፣ በሽታው ከዓለም ላይ መጥፋቱ በ2011 ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ገጽ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ከዓመታት በፊት ሲኒማ ቤት ሳየው ኔቪል በቦምብ ራሱን አጥፍቶ ነበር። በቅርቡ በዲቪዲ ሳየው ግን በሕይወት ተርፎ መኪና ይዞ ሲሄድ አየሁ። የትኛው ነው ትክክለኛው?
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል

መልስ፦ ሁለቱም የአዘጋጆቹ ሥራ ናቸው። በሲኒማ ቤት የታየው ኔቪል መድኃኒቱ ያለበትን ደም ለአና ሰጥቶ፣ እርሷንና አብሯት የመጣውን ሕፃን ለማትረፍ በእጅ ቦምብ ከአሳዳጆቹ ጋር የሚሞትበት ነው፤ አና በኋላ በቬርሞንት የተረፉ ሰዎች ወደሚኖሩበት መንደር ትደርሳለች። በዲቪዲ የወጣው አስቀድሞ ተቀርጾ የነበረውና በኋላ የተተካው መጨረሻ ነው።

እኛ የምናደላው ለሁለተኛው ነው። ኔቪል መድኃኒት ለመሞከር አንዲት ከተለወጡት ሴቶች በወጥመድ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራው አስገብቷታል። መሪያቸው መጥቶ በሁለቱ መካከል ባለው መስታወት ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ምስል በጣቱ ይሥላል። ኔቪል ግራ ይገባዋል። ከዚያ ዘወር ብሎ ሴትየዋን ሲያይ ክንዷ ላይ የቢራቢሮ ንቅሳት አለ። መሪው የመጣው ሊበላው ሳይሆን የትዳር ጓደኛውን ሊወስድ ነው። ኔቪል መሣሪያውን አስቀምጦ በሩን ይከፍታል፤ ሴትየዋን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ለባልዋ ሲመልስ እርስ በርሳቸው ሲተሻሹ ይመለከታል። ከበስተኋላው ባለው ግድግዳ ላይ በሙከራ የሞቱበት የብዙ ሕሙማን ፎቶግራፍ ተደርድሯል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኛም ተመልካቾቹ እነዚያን ፎቶግራፎች የትጋቱ ምልክት አድርገን አይተናቸው ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዳቸው የሚፈልጋቸው ሰው ሊኖራቸው ይችል እንደነበር ይገባናል።

የፊልሙም ስም ትርጉም የሚያገኘው በዚህኛው ነው። ታሪኩ የተወሰደው ሪቻርድ ማቲሰን በ1954 ካሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ኔቪል በአዲሱ ዓለም ነዋሪዎች ዘንድ ሲተኙ መጥቶ የሚገድል ጭራቅ ተደርጎ ይፈራ እንደነበር ይረዳል፤ እኛ ስለ ጅብና ስለ ቡዳ እንደምናወራው ሁሉ እነርሱም ስለ እርሱ ያወራሉ። ጎልድስማን በ2023 እንደገለጸው ሊሠራ የታሰበው ተከታይ ፊልምም የሚቀጥለው ኔቪል ከተረፈበት መጨረሻ ነው።

ጥያቄ፦ የሳም ሞት በጣም አሳዝኖኛል። ውሻ ግን ኩፍኝ ይይዘዋል?
ተማሪ፣ ከባሌ ጎባ

መልስ፦ ኩፍኝ ውሻን አይዝም። በፊልሙም ውሾች በአየር የሚተላለፈውን እንደሚቋቋሙና በንክሻ ግን እንደሚያዙ ተደርጎ የቀረበው ለታሪኩ ሲባል ነው። ነገር ግን ውሾች የራሳቸው የሆነ የኩፍኝ ዘመድ አላቸው፤ ዲስቴምፐር ይባላል። እርስዎ የሚኖሩበት አካባቢ ይህን በሽታ በደንብ ያውቀዋል፤ በ2010 እና ከ2015 ጀምሮ በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎቹን ገድሏል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ስለሚባል፣ በእረኞች ቤት ያለች አንዲት ውሻ መከተቧ ተራራ ላይ ላለው መንጋ ሕይወት ነው። የእርስዎ ቤተሰብ ውሻ ካለው የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ በምሠራበት ቤት ወራት ሙሉ ከበር ሳልወጣ ቆየሁ። አማርኛ የማወራው ከራሴ ጋር ብቻ ነበር። ኔቪል አሻንጉሊቶቹን ሲያናግር ሳይ እንባዬ መጣ። የከበደኝ ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ በሩ ሲከፈትና ጓደኞቼ ሲመጡ መናገር አቃተኝ፣ ሰው ያስፈራኝ ጀመር። ይህ በሽታ ነው?
እህታችሁ፣ ከቤሩት

መልስ፦ እህታችን፣ ያሳለፍሽውን ስናነብ ከልብ አዝነናል። የደረሰብሽ ነገር ብዙ ሰው ለብቻው ከቆየ በኋላ የሚያጋጥመው ነው፤ ኀፍረት የሚገባው ነገር የለበትም። ፊልሙም ይህን በጥንቃቄ አሳይቷል። ኔቪል በቪዲዮ ኪራይ ቤት ያቆማቸውን የልብስ መስቀያ አሻንጉሊቶች በየስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ ፊልም እንደ ደንበኛ እያመሰገነ ይመልሳል። ሰዓቱ ላይ ማንቂያ ሞልቶ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ቤቱ ይገባል፣ ስፖርት ይሠራል፣ በየቀኑ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወደብ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ በሬዲዮ ይናገራል። አእምሮውን የያዘለት ይህ ሥርዓት ነው። ሳም ከሞተች በኋላ ግን አንዷን አሻንጉሊት ሰላም በይኝ ብሎ ሲለምናት ሥርዓቱ እንደፈረሰ እናያለን።

የአንቺን ጥያቄ የሚመልሰው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሬዲዮውን ሰምታ አና ትመጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የለመነው ሰው ሲመጣ ኔቪል ደስ አይለውም። ለራሱ ያስቀመጠውን የአሳማ ሥጋ ቁርስ አድርጋ ስታቀርብለት ይቆጣል፣ ሳሕን ይወረውራል፤ እርሷ ተስፋ ስትነግረው እርሱ የሙታንን ቁጥር ይቆጥራል። ሰው ሲመለስ መጀመሪያ የሚሰማው ሰላም ላይሆን ይችላል። አንቺም ጓደኞችሽን አንድ በአንድ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሥራ እየሠራችሁ ለምሳሌ ቡና እየቆላችሁ ብትገናኙ ይቀልሻል፤ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥም ይበቃል። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቀሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ለምታምኛት ሰው ንገሪና ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ለብቻሽ አትያዥው።

አንድ ትዕይንት ደግመሽ እይ። ሕፃኑ ካርቱን እያየ ተቀምጧል፤ ኔቪል ከኋላው ይቆማል። ምን እንደሚለው አያውቅም። ስለዚህ ካርቱኑ የሚለውን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ቃል በቃል፣ ድምፁን እየለዋወጠ አብሮ ይልለታል። ብቻውን ሳለ ስንት ጊዜ እንዳየው ያን ጊዜ ይገባናል። ልጁም ዘወር ብሎ ያየዋል።